ኳስ ከልክለን ጀሪካን አሸከምናት፤ አጥንቱ ለሚያመው ታዳጊ የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ክረምት ክረምት ከደብረ ሲና እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። 15 ዓመቷ ነው። አጥንቷን ያማታል። አምና ስትመጣ እናቷ ቀድማ ደውላ አደራዋን ዘረገፈችው። «ኳስ እንዳታስነካት። ገመድም እንዳትዘል። ሩጫማ ጭራሽ!» እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። እሺ አልኳት፤ ግን ቅር አለኝ።

ማታ ቡና እየተፈላ ልጅቷን እንዲያው አወራኋት።

«እናንተ ቤት ውኃ የሚቀዳው ማነው?»

«እኔ ነኛ ጋሼ።»

«በምን?»

«በጀሪካን።»

«የስንት ሊትር?»

«የ20።»

20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ጀሪካኑ ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ያንን በገመድ አስራ በጀርባዋ ታዝለዋለች። ገመዱ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው በሚያማት ቦታ ላይ ነው፤ ከአንገቷ ሥር ወደ ቀኝ ትከሻዋ በሚሄደው አጥንት ላይ። ሐኪሞች ክላቪክል ይሉታል። በጣት ሲነካ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጉብታ አለችው። ቤተሰቡ በሙሉ ተማክሮ የከለከላት ግን ኳስ ነው።

እህቴ ላይ አልፈርድም። እኛ ጋ ስፖርት ትርፍ ነገር ነው፤ ውኃ መቅዳት ግን ግዴታ። ልጅ ሲታመም ትርፉን እንቀንሳለን። አጥንት ግን ጨዋታና ሥራ ለይቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ክብደትና ምት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ስፖርት ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። የትኛው አጥንት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ይችላል? ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማወዳድረው በዚህ መንገድ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው። «ጀርም የሌለበት ሥር የሰደደ የአጥንት ብግነት» ብንለው ይገባል። ሐኪሞች በአጭሩ ሲኤንኦ ይሉታል። ብዙ ቦታ እየዞረ፣ እየተመላለሰ ሲነሳ ደግሞ ሲአርኤምኦ የሚለውን ስም ትሰማላችሁ። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ጊዲዮን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የሕፃናት ራጅ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ነው የጻፈው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰውነት መከላከያ ጠላት ሳይመጣ ጦር ይሰብቃል። ጀርም የለም። አጥንቱ ግን ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ያማል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል። ቅልጥም፣ የጭን አጥንት፣ ዳሌ፣ አከርካሪ፣ ክላቪክል፣ አንዳንዴም መንጋጋ ላይ ይወጣል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ይብሳል። አንዳንዱ ልጅ መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ መግል የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ያወጣል። የደም ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል። ቤተሰብን ግራ የሚያጋባውም ይኼ ነው። «ደሟ ደህና ነው ተብሏል፣ ታዲያ ምን ሆንኩ ትላለች?» ይባላል። ልጅቷ ትምህርት ጠልታ እንደምታስመስልም ይታማል።

በእኛ ሰፈር የዚህ ሁሉ ስም «ቁርጥማት» ነው። ወይም «ብርድ መታት»። ብርድን መክሰስ ደብረ ብርሃን ላይ ቀላል ነው። ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ተቀምጠን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣ ሌላ ማንን እንከሳለን? የእህቴ ልጅም መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለች። ቀጥሎ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አሻት። ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘ። ሲያልቅ ሌላ አንቲባዮቲክ። እንዲህ እያለ ወራት ሄደ። በመጨረሻ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ ላይ ከአጥንቷ ናሙና ተወሰደ። ጀርም የለም። ካንሰርም የለም። መላ ሰውነቷ ኤምአርአይ ሲነሳ ደግሞ ግራ ቅልጥሟ ላይ ሌላ የተቆጣ ቦታ ተገኘ። እዚያ ያን ያህል አሟት አያውቅም ነበር። በዚህ በሽታ የተለመደ ነው። ሳያም አድብቶ የሚቀመጥ ቦታ ይኖራል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የማወዳድረው ሁሉ የሚሠራው ሐኪም በሽታውን ለይቶ ከነገራችሁ በኋላ ነው። ምክንያቱም እኛ አገር ሥር የሰደደ የአጥንት ብግነት ሲባል ብዙ ጊዜ ጀርም ያለበት ነው። እሱ ቆዳ በስቶ መግል ያወጣል። ቀዶ ሕክምናና በወጉ የተመረጠ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። የተበላ አጥንት ደግሞ በትንሽ ነገር ሊሰበር ይችላል። የአከርካሪ ቲቢም አለ፤ የአጥንት ካንሰርም አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የሚያዥ ቁስል፣ እግርን ጨርሶ መርገጥ አለመቻል ካለ የስፖርት ምርጫው ይቆይና ሐኪም ቤት ሂዱ። የጀርባ ሕመም ከእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣ ለነገ አይባልም።

መቀመጥ ወይስ መንቀሳቀስ?

የመጀመሪያው ንጽጽር ይኼ ነው። ቶሎ ልጨርሰው፤ መልሱ አያከራክርምና።

አጥንቱ በተቆጣበት ሰሞን ያንን ቦታ ማሳረፍ ተገቢ ነው። ያንን ቦታ ነው ያልኩት፤ ልጁን በሙሉ አይደለም። ወራት ሙሉ የተቀመጠ ታዳጊ ጡንቻው ይሳሳል። ክብደት የማይሸከም አጥንትም ይደክማል። እንቅልፍ ይዛባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንዲኖርበት ይላል። የታመመ ልጅ 60ው ላይ ላይደርስ ይችላል። 15 ደቂቃ ግን ከዜሮ ይሻላል። መገጣጠሚያ የሚያማቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በመጠን የተሠራ ስፖርት በሽታውን እንደማያባብስ ያሳያሉ።

ግን ከጡንቻ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የታመሙ ልጆችን የኑሮ ጥራት ለመለካት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ፔድስ ኪውኤል የሚባል መጠይቅ አለ። 23 ጥያቄ አለው። 8ቱ ስለ ሰውነት ነው፤ መራመድ፣ መሮጥ፣ ዕቃ ማንሳት። የቀሩት 15ቱስ? 5ቱ ስለ ስሜት፣ 5ቱ ከጓደኛ ጋር ስለ መሆን፣ 5ቱ ስለ ትምህርት ቤት። ልጁን ከጨዋታ ስናወጣው 8ቱን የጠበቅን ይመስለናል፤ 15ቱን ግን አብረን እንጥላለን።

ይህን ሳነብ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ከስፖርት ነፃ የሚል ወረቀት ያመጣ ተማሪ ነበረኝ። ምን አደረግኩት? ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ልብስ ጠባቂ አደረግኩት። የአርባ ልጅ ሹራብ ጭኑ ላይ ተከምሮ፣ ከላዩ ላይ አገጩን አስደግፎ ጨዋታውን ያይ ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከመምረጥ በፊት

ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የተቆጣው አጥንት የት ነው? እግር፣ ዳሌ፣ አከርካሪ ወይስ ላይኛው አካል? ሁለተኛ፣ አሁን ተነስቶበታል ወይስ በርዶለታል? ሦስተኛ፣ ልጁ መሃል ላይ «በቃኝ» ቢል የሚያቋርጥበት መንገድ አለው? ይህችን ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጣታለሁ።

እርምጃ

በነፃ ነው፣ ሁሌም አለ፣ ሐኪምም አይቃወመውም። ግን ሰሜን ሸዋ ውስጥ «እርምጃ» አንድ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው። ደብረ ሲና ሌላ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወርዶ ገደል ሥር የተንጠለጠለ ከተማ ነው፤ ቆሎ ለመግዛት መኪና ያቆመ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ ማለት መውጣትና መውረድ ማለት ነው። መንዝ ላይ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በግ የሚጠብቅ ልጅ ሳያስበው ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ሰው ዳገትን ይፈራል። ለተቆጣ ቅልጥም ግን የባሰው ቁልቁለት ነው። ዳገት የሚያደክመው ልብንና ሳንባን ነው። ቁልቁለት ላይ እግር በየእርምጃው ፍሬን ይይዛል፤ ምቱን የሚቀበለው ቅልጥምና ጉልበት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ከእኔ በፊት ደርሳበታለች። «ስወጣ ይደክመኛል፣ ስወርድ ያመኛል» አለችኝ። ስለዚህ ለእሷ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው፤ ጠዋት በእግሯ ትወጣለች፣ ስትመለስ ባጃጅ ከተገኘ በባጃጅ፣ ካልተገኘ ጠመዝማዛውን ረጅም መንገድ ይዛ ቀስ ብላ ትወርዳለች። አቋራጩን ትታለች። ጫማም ነገር ነው። ሶሉ ያለቀ ኮንጎ አድርጎ ድንጋያማ መንገድ መውረድ ቅልጥምን በመዶሻ እንደ መምታት ነው።

ኳስ

እነሆ የተከለከለው። ኳስን በሩቁ የሚያየው ሰው ሩጫና ግጭት ብቻ ይታየዋል። እውነት ነው፣ አለበት። ግን ኳስ አንድ ጨዋታ አይደለም። 11 ለ11 ሙሉ ሜዳ ሌላ ነው፤ በድንጋይ ጎል ሠርቶ ሦስት ለሦስት መቀባበል ሌላ ነው።

እግሩ ወይም ዳሌው ላይ በተነሳበት ሰሞን ኳስ ይቅር። ክላቪክል ላይ ከሆነ ግብ ጠባቂነት አይሆንም፤ በትከሻ መውደቅ አለበት። ሰው የማያስበው የመስመር ውርወራም ክላቪክልን ይስባል፤ ለሌላ ልጅ ይሰጥ። አከርካሪው ላይ የተገኘበት ልጅ ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ግጭት ያለበት ጨዋታ ውስጥ አይግባ። የተቆጣ የአከርካሪ አጥንት ሊጨፈለቅ ይችላል።

ከዚህ ውጭ በረድ ሲልለት ተጫወት በሉት። እኔ ያወጣሁት ሕግ 10 ደቂቃ ጨዋታ፣ 5 ደቂቃ ዳኝነት ነው። ፊሽካውን ስሰጠው ልጁ ያርፋል፣ ማንም ግን ማረፉን አያውቅበትም። ዳኛ ነዋ! እንዲያውም ተሰድቦ ነው የሚያርፈው። ታዳጊ «አሞኝ ወጣሁ» ከሚል ሕመሙን ውጦ ቢጫወት ይመርጣል። ስለዚህ የመውጫ በሩን እናንተ ቀድማችሁ ክፈቱለት።

ገመድ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ

ለጤነኛ ልጅ አጥንት ከዝላይ የተሻለ ነገር ጥቂት ነው። ለተቆጣ ቅልጥም፣ ተረከዝ ወይም አከርካሪ ግን ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ሲያርፍ ሰውነት ከክብደቱ በብዙ እጥፍ አጥንቱን ይመታዋል፤ በደቂቃ ደግሞ ስንቴ! እዚህ ላይ የእህቴ ክልከላ ትክክል ነበር። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ስለሆነ ይብሳል፤ በደህናው እግር ትዝለል ካላላችሁ በቀር።

ችግሩ ብቻውን የተቆጣ ክላቪክል ከሆነስ? ሱዚ ይቻላል፤ እጅ አይፈልግም። ገመድ ማዞር ግን ትከሻን ያንቀሳቅሳል።

ሳይክል

እኔ የማዳላለት ይኼ ነው። እግር ይሠራል፣ ልብ ይመታል፣ መሬት ግን አይመታም። ቅልጥሙ ወይም ዳሌው ላይ ላለበት ልጅ ከኳስም ከእርምጃም ይሻላል። ደብረ ብርሃን ሜዳ መሆኗ ረዳን። በሰዓት የሚከራይ አሮጌ ሳይክል ይዘን ወጣን፤ ፍሬኑን ግን መጀመሪያ እኔ ራሴ ሞከርኩት። ሸዋ ሮቢት ያላችሁም ሜዳ ነው፤ እናንተ ጋ ግን ማለዳ ነው ሰዓቱ፣ በቀትር ፀሐይ ልጅ አታስወጡ።

ሁለት እንከን አለው። መሪው ላይ ሲደገፉ ክብደቱ በክንድ አድርጎ ክላቪክል ላይ ይመጣል። መፍትሔው ኮርቻውን ዝቅ፣ መሪውን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው መውደቅ ነው። ከሳይክል የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ክላቪክሉ ነው። የእህቴ ልጅ ሁለቱም ቦታ ስላለባት እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ በተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ በዝግታ፣ ብቻዋን ሳትሆን ፈቀድኩላት። አስፋልት ላይ አልወጣችም። ከባድ መኪና በሚያልፍበት የደሴ መንገድ ላይ ጤነኛም ልጅ አላስወጣም።

ጠረጴዛ ቴኒስ

ይህን ማንም አልመከረኝም፤ ልጅቷ ራሷ ነች ያገኘችው። ርካሽ ነው፣ ዝላይ የለውም፣ ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሳም፣ ሲያም ራኬቱን ለተረኛ መስጠት ነው። ከሁሉም በላይ ዙሪያውን ሰው አለ። አንድ ጨዋታ ሲሸነፍ የሚወጣ ስለሆነ ዕረፍቱ በራሱ ይመጣል። ላቡ ትንሽ ነው ብትሉኝ እውነት ነው። ግን በሳምንት አራት ቀን በደስታ የሚሠራ ትንሽ ነገር፣ አንድ ቀን በግዴታ ከሚሠራ ትልቅ ነገር ይበልጣል።

ጆተኒስ? ስፖርት ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም። በክፉ ሰሞን ግን ከጓደኛ አይለይም፤ ያም ዋጋ አለው።

እስክስታ

ሳትስቁ ስሙኝ። እግሩ ላይ ለተነሳበት ልጅ እስክስታ ድንቅ ነው። ባለበት ቆሞ፣ ካስፈለገም ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በ5 ደቂቃ ያልባል። ክላቪክሉ ወይም የደረት አጥንቱ ለተቆጣ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው እዚያው ነዋ። የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ትከሻዋን ትታ በአንገቷ ብቻ ስትመታ አይቻታለሁ። ሰው አዲስ ስልት መስሎት አጨበጨበ።

ሩጫ

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታገኟት ጫጫ ጌጤ ዋሚን ያፈራች ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪል ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። እዚህ አካባቢ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ ልጅ ሞልቷል። አጥንቱ የሚያመው ልጅም ያንን እያየ ነው የሚያድገው። ስለዚህ «ሩጫ በሕይወትህ አይታሰብም» አትበሉት፤ ትክክልም አይደለም። በሽታውን ከተቆጣጠሩት በኋላ የሚሮጡ ልጆች አሉ። ሐኪሙ በርዷል ሲል ሣር ላይ፣ ሁለት ደቂቃ መሮጥ ሁለት ደቂቃ መራመድ እያሉ ይጀመራል። አስፋልትና ቁልቁለት መጨረሻ ይምጡ።

የገና ጨዋታ፣ ፈረስ፣ ዋና

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሩሩ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ግን አጥንት ይቆጣል። በትሩን ይዞ ከጎን መሆን ይቻላል፤ ግርግሩ ውስጥ መግባት ግን ይቅርባችሁ። ፈረስ ለአከርካሪ አይሆንም፤ ንጠቱ መጥፎ ነው። ዋና ለዚህ በሽታ ከሚመቹት አንዱ ነው፤ ውኃው ክብደቱን ይሸከማል። የሞቀ ገንዳ የምታገኙ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ወንዝ ግን ዋና ቤት አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚሠራው

ፊዚዮቴራፒስት ያሳያል፣ ልጁ ይሰለቻል። ይህን ከአሁኑ እወቁት። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት። 15 ደቂቃ ነው። ብቻውን ሲሆን አሰልቺ፣ ከሌላው ጋር ሲጣመር ግን መሠረት ነው። ክረምት ጭቃው ሲያስቀር ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም። ማታ ዜና ሲጀምር እንጀምራለን፣ ስፖርት ዜናው ላይ ሲደርስ እንጨርሳለን።

ማግስቱን ጠይቁት

የትኛውንም ምረጡ፣ ፈራጁ ማግስቱ ነው። እየተጫወቱ ትንሽ ማመሙ ብቻውን አያስፈራም። ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ወይም ጠዋት ሲነሳ ከትናንቱ ከባሰ ግን በዝቷል ማለት ነው። መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፤ ጨርሶ አታቁሙ። ሦስት ቀን ያለ ችግር ከሄደ ትንሽ ጨምሩ። በግማሽ ቀንሳችሁም ካልተሻለው ሐኪሙ ጋ መሄድ ነው።

እኛ ደብተር ይዘናል። አንድ መስመር በቀን። ምን ሠራች፣ ስንት ደቂቃ፣ ሌሊት ሕመሙ ከ10 ስንት ነበር። እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ «ማክሰኞ። ቴኒስ 30። ሌሊት 2።» ቀጥሎ ደግሞ፦ «ረቡዕ። ምንም አልሠራሁም። ሌሊት 6።» ምንም ሳትሠራ 6? ጠየቅኳት። ለካ ልጅቷ የእኔን ቤት ልብስ በሙሉ አጥባ፣ ጨምቃ፣ አስጥታ ነበር። ሥራ ስለሆነ አልቆጠረችውም! ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ ማጠብም፣ መጥረግም፣ ውኃም ይጻፋል።

መድኃኒቱና ጾሙ

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዙት እንደ ናፕሮክሲንና ኢቡፕሮፌን ያሉ ብግነት የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው። ካልበቃ ጠንከር ያሉ አሉ፤ አከርካሪ ሲነካ ደግሞ ሐኪሙ ቶሎ ወደ እነሱ ሊሄድ ይችላል። ከስፖርት ጋር የሚገናኘው ይኼ ነው፤ ለመጫወት ብሎ ተጨማሪ ኪኒን መዋጥ አይገባም። ሕመሙ የሚነግረንን እሱ አፍኖ ይይዘዋል። በራሳችሁ ዲክሎፌናክ ገዝታችሁ አትደርቡበት። ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳል።

መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል። የእኛ ልጆች ደግሞ ይጾማሉ፤ የእህቴ ልጅ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ኪኒኑን በባዶ ሆዷ ትውጠው ነበር። ያቃጥላት ጀመር። እናቷ የንስሐ አባታቸውን ስትጠይቅ «የታመመ ልጅ ምን ጾም አለበት፣ ትብላና ትዋጥ» አሏት። ጠበልም ትሄዳለች፤ መድኃኒቷን ግን ለዚያ ብላ አታቋርጥም። ሌላው ማሸት ነው። ወጌሻ የተቆጣ አጥንት ላይ እጁን አያሳርፍ።

ደብዳቤው

ትምህርት ቤት ሲከፈት «ከስፖርት ነፃ» የሚል ወረቀት አትቀበሉ። በትሕትና ሌላ ጠይቁ። የትኛው አጥንት እንደሆነ፣ ምን እንደተከለከለ፣ ምን እንደተፈቀደ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ልጁ ሲያመው ራሱ ማቋረጥ እንደሚችል ይጻፍበት። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው እናንተ በአምስት መስመር ጽፋችሁ ይፈርምበት። እኔ እንደ መምህር ብናገር፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልኝ ለልጁ ቦታ አገኝለታለሁ። «ነፃ» የሚለው ሲመጣ ግን የማውቀው ድንጋዩን ብቻ ነው።

ጀሪካኑን በተመለከተ ከእህቴ ጋር ትንሽ ተጨቃጨቅን። «ታዲያ ማን ይቅዳልኝ?» አለች። ቤት ውስጥ 17 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለ። አሁን እሱ በእጅ ጋሪ እየገፋ ያመጣል። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴኒስ አላት። ባለፈው ሳምንት ወንድሟ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እኔንም እኮ ትከሻዬን እያመመኝ ነው።»

«የትኛውን?»

ትንሽ አሰበ። «ሁለቱንም» አለ።